ከወዳደቁ ነገሮች የተሠራ

በልግ ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ነገር ይጠበቃል። አንዱ ዝናብ ነው፤ እሱ አንዳንዴ ይቀራል። ሁለተኛው የልጆች ፕሮጀክት ነው። እሱ ቀርቶ አያውቅም።

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የካቲት ላይ ተጀምሮ ሰኔ ላይ ያልቃል። መሃል ያሉት መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ወላጅ የሚፈተንባቸው ወራት ናቸው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል አንደኛ ደረጃ የሚባለው ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ሆነ። ልጆቹ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሒሳብ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ ክወናና እይታ ጥበባት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ይማራሉ። ዝርዝሩ ሲነበብ ደስ ይላል። ጉዱ የሚመጣው ማታ ቦርሳው ሲከፈት ነው።

ሦስተኛ ክፍል የሚማረው ልጄ ከትምህርት ቤት ከተመለሰ ሦስት ሰዓት ካለፈው በኋላ፣ ካርቱኑ ሲያልቅ፣ ትዝ አለው። ኮሚዩኒኬሽን ቡኩን አመጣ። «ነገ ከወዳደቁ ነገሮች የተሠራ የቤት ሞዴል ይዞ ይምጣ» ይላል። «ነገ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ።

ስድስት ባዶ ሃይላንድ ያስፈልጋል። አዘቦት ቀን ቢሆን ቤታችን ውስጥ ሃይላንድ ሳይረግጡ መራመድ አይቻልም። የዛን ዕለት ግን ለመድኃኒት እንኳን የለም። ጠዋት ቆራሌው ሲያልፍ ባለቤቴ ጠራርጋ ሸጣለታለች። ሮጬ ወጣሁ። ሰፈሩ ጥግ ላይ ጆንያውን ሲያስር ደረስኩበት።

«ወንድም፣ ጠዋት ከእኛ ቤት የወሰድከው ሃይላንድ አለ?»

«አለ ጋሼ። ምነው?»

«ስድስቱን ስጠኝ።»

«እንዴ! ከፍዬበታለሁ እኮ።»

«እኔም እከፍልሃለሁ።»

ጆንያውን መፍታት ጀመረ። ዓይኑን ግን ከእኔ ላይ አልነቀለም።

«የልጅ ፕሮጀክት ነው አይደል?»

«በምን አወቅህ?»

«ዛሬ እርስዎ አራተኛ ነዎት።»

ዋጋውንም አራተኛ ሰው የሚከፍለው አደረገው። የገበያ ሕግ አካባቢ ሳይንስ ውስጥ ይኑር አይኑር እንጃ፣ ቆራሌው ግን አሳምሮ ያውቀዋል።

ከዚያ ኮላና ባለቀለም ወረቀት ልገዛ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ልጅ ገና አፌን ሳልከፍት «ስንተኛ ክፍል ነው?» አለኝ። «ሦስተኛ» ስለው ከመደርደሪያ ላይ አንዲት ያለቀላት ጎጆ አወረደ። የሳር ክዳን አላት፣ አጥር አላት፣ ደጇ ላይ ዶሮ ትጭራለች። «ከወዳደቀ ነገር ነው የተሠራችው» አለኝ በኩራት። ዋጋዋን ስሰማ የወደቀችው ከየት ከፍታ ላይ እንደሆነ ጠየቅሁት። እሱ ወይ ፍንክች። ሳንባም፣ እሳተ ገሞራም በትዕዛዝ እንደሚሠራ ነገረኝ። እሳተ ገሞራው የሚፈነዳና የማይፈነዳ አለው፤ የሚፈነዳው ወደድ ይላል።

እኔ ግን ሃይላንድ ገዝቻለሁ። እስከ እኩለ ሌሊት ቆረጥኩ፣ ለጠፍኩ። ባለቤቴ በር ገጠመች። የቤት ሠራተኛችን ቀለም ቀባች። «ተማሪው» ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ተኝቷል።

ሥራዎቹ የቀረቡ ቀን ማን ምን እንደሚሠራ ይታወቃል። አንዱ አባት መሐንዲስ ሳይሆን አይቀርም፣ ልጁ ያመጣው ሕንፃ ሊፍት አለው። ሌላዋ ልጅ ያመጣችው ቤት መብራቱ ይበራል። የዛን ቀን ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበት ስለነበር በቀበሌው ውስጥ መብራት ያለው ብቸኛ ቤት እሱ ነበር። ከሁሉም መሃል አንድ ልጅ ብቻ ራሱ የሠራውን ይዞ መጥቷል። ጣራው ዘሟል፣ ኮላው ተንጠባጥቧል፣ መስኮቱ ከበሩ ይበልጣል። ከአሥር አራት ሰጡት። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፣ ለማርክም አልበቃ። እኛ ስምንት ተኩል አገኘን። ባለሊፍቱ አባት ዘጠኝ ተኩል አግኝቶ ግማሿ ለምን እንደተቀነሰች ቲቸሯን ይዞ ሲሟገት ጥዬው ወጣሁ።

የአምስተኛ ክፍሏ ልጄ ደግሞ «አሥር ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ጽፋችሁ ኑ» ተባለች። ለዚህ ፕሮጀክት ሱቅ መሄድ አያስፈልግም፣ አያቷ አሉ። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ማስጻፍ ጀመሩ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል በይ።»

እስክሪብቶው ቆመ። «እማማ፣ ይሄ ሙስና ነው። በግብረ ገብ ተምረነዋል።»

«አንቺ ልጅ፣ የምን ሙስና? ተረት ነው! ተይው እሺ። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ በይ።»

«ይሄ ደግሞ የፆታ እኩልነትን ይጋፋል።»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «እነዚህ ሰዎች የሚፈቅዱት ተረት የትኛው ነው?»

እውነት ለመናገር ሁለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ልጄም እነሱን አስቀደመች። ሌሎቹም እንደዚያው ጽፈው እንደሚመጡ አልጠራጠርም። ቲቸሯ የዛን ሳምንት ስንት አንበሳ ታስሮ እንደቀረበላት ፈጣሪ ይወቀው።

አፋን ኦሮሞ ላይ ቤታችን ውስጥ የሚያስጠና ሰው የለም። እኔ የማውቀው ገበያ ላይ ዋጋ የምጠይቅበትን «ሜቃ» ብቻ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ሳትጠየቅ መምህርት ሆነች። ልጆቹ ደብተር ይዘው በር ላይ ይጠብቋታል። «አከም ቡልተን» ሲሏት ፊቷ ይበራል። ወተቱን እየቀዳች አነጋገራቸውን ታርማለች፣ ሲመልሱላት ምርቃት ትጨምራለች። ከምንከፍልባቸው ትምህርቶች ሁሉ ምርቃት ያለው ይሄ ብቻ ነው።

እንግሊዝኛው ሌላ ታሪክ ነው። በአማርኛ ያወራ ይቀጣል የሚል ሕግ ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። የእኛም ከነሱ አንዱ ነው። በዚህም የተነሳ ልጄ አጥርቶ የሚናገረው የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር «ቲቸር፣ ሂ ኢዝ ስፒኪንግ አማሪክ» የሚል ሆኗል። ሰዋስው አልተሳሳተም። ጓደኛው ግን ለሁለት ቀን አኩርፎታል።

ስለ ሰውነት ማጎልመሻ ብዙ አልልም። ትምህርት ቤቱ የተከራየው ቪላ ነው። ልጆቹ ሮጡ ሲባሉ ገና እግራቸው ሳይሞቅ ግንቡ ይደርሳል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ እንዳሸነፈ፣ ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር እንደሆነ ግን በቃላቸው ይወጡታል። ሩጫን በቃል የሚማር ትውልድ እያፈራን ነው።

ሚያዝያ ላይ አምስተኛ ክፍሎች ፐርሰንት ጀመሩ። ልጄ አልገባት አለ። ብር አወጣሁ፣ ዳቦ ቆረስኩ፣ ወይ ንቅንቅ። በዚያው ሰሞን ከትምህርት ቤቱ «ወቅታዊውን የኑሮ ሁኔታ ከግምት ውስጥ በማስገባት» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ መጣ። በወር 4,500 ብር የነበረው ክፍያ ከመስከረም ጀምሮ 6,300 ይሆናል። እናቷና እኔ እራት ላይ ደብዳቤውን ስንወስድ ስንመልስ ልጅቷ ዝም ብላ ትሰማለች። የወላጅ ስብሰባ ተጠራ፤ ሄድን፤ ተንጫጫን። በመጨረሻ አንዱ ተነስቶ «ለጥራት ከሆነ እኔ በግሌ ችግር የለብኝም» አለና ነገሩን አበላሸው። ባለሊፍቱ አባት ነው።

በማግሥቱ የሒሳብ የቤት ሥራው «ከዕለት ተዕለት ኑሮ አንድ የፐርሰንት ምሳሌ ስጡ» ይላል። ልጄ ማንንም ሳትጠይቅ ጻፈች። 6,300 ሲቀነስ 4,500፣ 1,800። እሱ ለ4,500 ሲካፈል፣ በ100 ሲባዛ፣ 40 ፐርሰንት። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ሠርታ አሳየች። ቲቸሯ «ጎበዝ፣ አጨብጭቡላት» አለች። ተጨበጨበላት። ልጄ ግን ጠመኔውን አላስቀመጠችም።

«ቲቸር፣ ያንቺ ደሞዝስ ስንት ፐርሰንት ጨመረ?»

ቲቸሯ ሰዓቷን አየች። «እሱ የእናንተ ክፍል ትምህርት ውስጥ የለም» አለችና ወደ መልመጃ ሁለት አለፈች።