ውዳሴ አከራይ

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት ክፍል ለመከራየት ብቅ ብዬ፣ ከክፍሏ በፊት የታየሁት እኔ ነኝ። የት እንደምሠራ፣ ስንት እንደሚከፈለኝ፣ ሚስቴ የየት አገር ሰው እንደሆነች፣ ዘመድ ከገጠር ይመጣ እንደሆነ፣ ከመጣም ስንት ቀን እንደሚሰነብት ተጠየቅሁ። ክፍሏን ያየሁት በመጨረሻ ነው፤ መስኮት የላትም። ይህን የምታነቡ ሁሉ በዚሁ ፈተና ያለፋችሁ ወይም የወደቃችሁ ስለሆናችሁ ማብራራት አያስፈልገኝም። እኔ ብዕር ያነሣሁት ለምስጋና ነው።

አገራችን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው ለመጨረሻ ጊዜ በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ቆጠራው ሲራዘም ሲራዘም መኖሩ የሚያሳዝናቸው ሊቃውንት አከራዮቻችንን ዘንግተዋል። በየግቢው ቆጠራው በየምሽቱ ይካሄዳል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የግቢው በር ሲቆለፍ ማን እንደገባ፣ ማን እንዳልገባ፣ የማን እንግዳ ጫማውን አውልቆ እንደቆየ ተመዝግቦ ያድራል። ውሃው በጀሪካን፣ የልብስ ማጠቢያው ቀን በሳምንት አንዴ፣ ሳቅ ደግሞ በልክ ነው። ይህን ሁሉ አገልግሎት የሚሰጡት ያለ ደመወዝ ነው። እንዲያውም የምንከፍለው እኛ ነን።

ከሁሉም ግን ልቤን የማረኩት ቆጣሪ የሚያነቡት ናቸው። አንዲት እትዬ አውቃለሁ፤ በአንድ ቆጣሪ አምስት ክፍል ያከራያሉ። ቆጣሪያቸው የድሮው ዓይነት ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ ቀይ ምልክት ያለባት ክብ ብረት የምትዞርበት። ከሥሩ በርጩማ አስቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። አንድ ዓይናቸው እንዝርቱ ላይ ነው፤ ሌላው ቀይዋ ምልክት ላይ። ምልክቷ እየተንፏቀቀች ካለፈች አምፖል ነው። ረገጥ ረገጥ ካደረገች ቴሌቪዥን ነው። ከሮጠች ካውያ ነው። ይህን ጊዜ እንዝርቱ ይቀመጥና የሦስተኛው ክፍል በር ይንኳኳል፤ «ልጄ፣ ደህና ነህ? ሠርግ አለብህ እንዴ?» እያሉ ካውያውን በመዳፋቸው ዳሰስ ያደርጉታል። ቆጣሪውን አይተው ሽሮና ምስር መለየት ይችላሉ። ሻይ እስኪፈላ በዞረችው ዙር ስንት እንግዳ እንደተቀመጠ ያውቃሉ፤ ስኳር ስንት ማንኪያ እንደሆነ ብቻ አልደረሱበትም። አንድ ሌሊት አንዱ ተከራይ ማሞቂያ ሰክቶ ገና እጁን ሳያሞቅ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ነጠላቸውን እንኳ አላጣፉም። ቆጣሪው በስማቸው ጠርቶ ቀሰቀሰኝ ብለው ይምላሉ። መብራት ጠፍቶ ከተማው በሙሉ ሲያማርር እርሳቸው ብቻ እፎይ ብለው ይተኛሉ። እንዲህ ያለ ዕውቀት ያላቸው እናት ዩኒቨርሲቲው አጠገባቸው እያለ እስከ ዛሬ የክብር ዶክትሬት አለማግኘታቸው ይቆጨኛል።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ አጥንት ይሰብራል። ይህን አንሥቶ የለመናቸው ተከራይ ግን «ብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት አገር ማሞቂያ ምን ይሠራል?» የሚል መልስ አግኝቶ ተመልሷል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከተማዋን የቆረቆሯት ከሰማይ ብርሃን ወርዶ ስላዩ ነው ይባላል። ደግነቱ ያ ብርሃን በእትዬ ቆጣሪ በኩል አላለፈም።

እውነት ለመናገር፣ ስጋታቸው ከባዶ የመጣ አይደለም። የመብራት ታሪፍ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ እያለ ስለሚሄድ፣ አምስት ቤተሰብ ባንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሒሳቡ ይከብዳል። ለየክፍሉ የራሱን መቁጠሪያ ማስገባት ይቻል ነበር። ያን ጊዜ ግን እትዬ ምን ሊመለከቱ ነው?

አንድ ነገር አለ፣ ማሞካሸት የማልችለው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የምትሠራ ተከራይ ሆዷ መግፋቱ ሲታይ «ሳትወልጂ ልቀቂልኝ» ተባለች። ልጅ ያለቅሳል፣ ልጅ ውሃ ይፈጃል ተብሎ። በስምንተኛ ወሯ ፍራሿን ጋሪ ላይ አስጭና ከሰፈር ሰፈር ስትዞር አየናት፤ የገባችበትም ግቢ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ሆዷን ነበር። ይህ ነውር ነው። በዚህች አገር መውለድ ጥፋት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ያባረሯት እኮ የጎረቤት አራስ ቤት ገንፎ ለመብላት የሚቀድማቸው የለም፤ ከደጃፍ ጀምረው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚሉት እነርሱ ናቸው። ማርያም የማረቻትን እናንተ ምነው ሳትምሯት ቀራችሁ?

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ስለ ደላላው ብዙ አልልም፤ በር ጠቁሞ ከሁለቱም ወገን የሚቀበል ሰው ምስጋናውን በእጁ ይዞታል። የውል አጻጻፉ ጥበብ ግን ሊታለፍ አይገባም። ባንድ ክፍል ሁለት ኪራይ አለ፤ አንዱ ወረቀት ላይ የሚሰፍር፣ ሌላው በእጅ የሚቆጠር። የወረቀቱ ለግብር ሰብሳቢው ስለሚታይ ትሑት ነው፤ በዚያ ዋጋ ቤት ቢገኝ እኔ ራሴ ሦስት ክፍል እይዝ ነበር። የእጁን ግን የሚያውቁት አከራይ፣ ተከራይና ፈጣሪ ናቸው። የስድስት ወር ቅድሚያም በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል፤ ባንክ ደጃፍ ድረስ አብረውን ሄደው እስክናወጣ ውጭ የሚጠብቁን ደጎችም አሉ።

አንድ ወዳጄ ይህ ጥበብ አልገባው ብሎ ከአከራዩ ጋር ሊከራከር ተነሣ። ስልኩን ከፈተና የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ያነብላቸው ጀመር፤ ውል ከሁለት ዓመት እንደማያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንደማይበልጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንደሚፈጸም። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው በትዕግሥት አዳመጡት። መሐል ላይ አንዴ ብቻ አስቁመው አንዱን አንቀጽ አስደገሙት።

«ጥሩ አዋጅ ነው» አሉ ሲጨርስ። «እንግዲህ ክፍል ካለው ከእሱ ተከራይ።»