ብራስልስ ካማረቻችሁ ማቶንጌንም ጨምሩ

ሰሞኑን በአንድ የቲቪ ውይይት ላይ ስለ ኮሪደር ልማት ሲወራ አንዱ እንግዳ አዲስ አበባ የአፍሪካ ብራስልስ እየሆነች ነው አሉ። እሺ፣ ይሁን፣ አንዷ የአፍሪካ ህብረት ሌላዋ የአውሮፓ ህብረት መቀመጫ ናቸው። ያበሸቀኝ ከዛ ቀጥለው ያመጡት ነው፣ ብራስልስም የድሮ ሰፈሯን አፍርሳ ነው እዚህ የደረሰችው፣ ማንም አልተቆጨም አሉና ቁጭ። ጋዜጠኛውም ራሱን ነቅንቆ ወደ ማስታወቂያ ሄደ።

ማንም አልተቆጨም? ኧረ ባካችሁ! ባፈረሰችው የተቆጨች ከተማ ጥሩልኝ ብትሉኝ መጀመሪያ የምጠራው ብራስልስን ነው። አርክቴክቱ ቪክቶር ኦርታ የሰራው የህዝብ ቤት የሚባል ድንቅ ሕንፃ ነበራቸው፣ እኤአ በ1965 አፈረሱትና ቦታው ላይ ፎቅ ገተሩበት። ያው ሰውዬ የሰራቸው አራት መኖሪያ ቤቶች በ2000 የዩኔስኮ ቅርስ ሆነው ተመዘገቡ፣ ያኛው ግን የለም፣ በፎቶ ነው የሚያዩት። ሰሜን ሰፈር የሚሉትን ደሞ እንደ ኒውዮርኩ ማንሃታን የፎቅ ሰፈር እናደርገዋለን ብለው በ1967 የማንሃታን ፕላን አወጡለት፣ ነዋሪውን አባረሩ፣ ቤቱን ናዱ፣ ከዛ በሰባዎቹ ኢኮኖሚው ሲንገዳገድ ፎቆቹ በከፊል ቀሩና መሬቱ ለብዙ ዓመት ባዶውን ተሰጣ። አርክቴክቶች ከተማን ዝም ብሎ ማፍረስን በብራስልስ ስም እስከመጥራት ደርሰዋል እኮ! በ1969 ማሮል የሚባለው የድሃ ሰፈር ሊፈርስ ሲል ነዋሪው ወጥቶ እምቢ አለ፣ ፕላኑም ቀረ፣ ሰፈሩ ይኸው ዛሬም አለ። እንግዳችን ይቺን የዘለሉት አላውቅም ብለው ነው ወይስ አልተመቸቻቸውም?

ግን ለኔ ዋናው ይሄም አይደለም፣ ማቶንጌ ነው። ኢክሰል የሚባለው ወረዳ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው፣ ስሙን የወሰደው በኮንጎ ዋና ከተማ በኪንሻሳ ካለው ማቶንጌ ነው። ከኮንጎ የመጡ ሰዎች ፀጉር ይሰሩበታል፣ ጨርቅ ይሸጡበታል፣ ካሳቫ ይቸረችሩበታል፣ ማታ ማታ ሙዚቃው ይለቀቅበታል፣ ከአውሮፓ ፓርላማ ደሞ በእግር የሚደረስ ነው። በእግር! ልብ በሉልኝ፣ ኮንጎን ቅኝ ትገዛ በነበረችው በቤልጅየም ዋና ከተማ አፍሪካዊ ፀጉር ሰሪ ከአህጉሩ ፓርላማ አጠገብ ሱቅ ከፍቶ ሲሰራ ዲፕሎማቱ ደንግጦ አልሸሸም፣ ምሳውን እዛው ሄዶ ይበላል። የአፍሪካ መዲና ነኝ የምትለው የኛዋ ግን ከኢሲኤ (ከተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) አጥር ማዶ የነበረውን ካዛንቺስ በእኛ አቆጣጠር በ2017 ጠራርጋ ሰዉን ከተማው ዳር ገላን ጉራ ሰደደችው። አፍሪካዊው እንግዳ አፍሪካ አዳራሽ ስብሰባ ውሎ ሲወጣ ጀበና ቡና የምታፈላለት ሴትዮ፣ ሽሮ የሚበላበት ቤት፣ ጫማውን የሚጠርግለት ልጅ፣ ሁሉም የለም፣ ሳርና መብራት አለ። ኮንዶሚኒየም ተሰጥቷቸዋል ትሉኛላችሁ፣ አዎ ለተሰጠው ተሰጥቶታል፣ ግን ሰው ቤት ብቻውን አይበላም፣ ገበያው የቀረው ካዛንቺስ ነው፣ ደንበኛዋ ገላን ድረስ ቡና ፍለጋ አይመጣላትም፣ እሷም በየቀኑ በሁለት ታክሲ ተመላልሳ ልትሸጥ ብትል ትርፏን ትራንስፖርት ይበላዋል። ስለዚህ ጎዳናውን ለዲፕሎማት አሳመርንለት እንጂ ከተማውን ወሰድንበት።

አዲሱ የእግረኛ መንገድ ጥሩ ነው፣ ማታ ከአራት ኪሎ ፒያሳ መውረድ ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን የእግረኛ መንገድ ለማንጠፍ ሠራተኛ ሰፈርን፣ ደጃች ውቤን ማፍረስ ግድ ነበር ብሎ የሚያሳምነኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፣ የሚኖርም አይመስለኝም።

ደሞ ብራስልስ መልአክ ናት ያለ የለም፣ ለአውሮፓ ህብረት ቢሮ ተብሎ ስንት ቤት እንደተናደ ራሳቸው ያውቁታል። ለአውሮፓ ኮሚሽን የሰሩት ቤርሌሞ የሚባለው ሕንፃ እንኳ ካንሰር የሚያመጣው አስቤስቶስ ተገኘበትና በ1991 ለቀው ወጡ፣ የተመለሱት በ2004 ነው። እነሱ ከስህተታቸው በኋላ የደረሱበትን ትተን ስህተቱን ለምን በሃምሳና በስልሳ ዓመት ዘግይተን እንደምንኮርጅ ነው የማይገባኝ፣ ያውም በኩራት።

የቲቪው ጣቢያ ሁለተኛ ዙር ውይይት ካለው አንድ ጥያቄ ይያዝልኝ። ካዛንቺስ ላይ በሚቆሙት ሕንፃዎች ምድር ቤት ለድሮዎቹ የሰፈሩ ነጋዴዎች በሚችሉት ኪራይ ስንት ሱቅ ተይዟል? ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ይጋብዙልን፣ ስለ ብራስልስ የሚያወሩት ተራቸውን ይጠብቁ።