«ይሄ የማን ጸሎት ነው?»

የክርክሩ ርእስ፦ «የቡድሂስት ሜዲቴሽን አንጎልን እንደሚለውጥ ሳይንስ አረጋግጧል።» ሐሳቡን የሚደግፉት ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ የማይለቅ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የሚረዱ ነርስ ናቸው። የሚቃወሙት አዲስ አበባ ውስጥ የምርምር ዘዴ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። ሁለቱም ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ «ሲስተር» እና «መምህር» ብለናቸዋል። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሲስተር

አሥራ አንድ ዓመት ከሕመምተኞች ጋር ኖሬያለሁ። ጀርባቸውን የሚያማቸው፣ ቀዶ ሕክምና አድርገው ሕመሙ ያልለቀቃቸው፣ ሌሊት እንቅልፍ የሌላቸው። የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሰውን እንዴት እንደሚይዝና እንዴት እንደማይለቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ይሄ ጉዳይ ለእኔ የቡና ላይ ወሬ አይደለም።

እኛ ጋ የሚሰጠው «ማይንድፉልነስ» የሚባለው የሜዲቴሽን ትምህርት፣ በ1979 ጆን ካባት-ዚን በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የጀመረው ነው። ስምንት ሳምንት ይፈጃል። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በጋራ፣ በቀረው ቀን ቤት ውስጥ ለብቻ። ካባት-ዚን የዜን ቡድሂዝም ተማሪ ነበር። ወደ ሆስፒታል ሲያመጣው ግን ዕጣኑንም ምስሉንም እዚያው ትቶ፣ ትንፋሽን መከታተልን ብቻ ይዞ ገባ።

ሳይንሱም ተከተለ። በ2004 በዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ተመራማሪው ሪቻርድ ዴቪድሰንና ባልደረቦቹ፣ በቲቤት ቡድሂስት ሥርዓት ሜዲቴሽንን ከ10,000 እስከ 50,000 ሰዓት የተለማመዱ 8 ሰዎችን አንጎል ለኩ። ጋማ የሚባለው ፈጣን የአንጎል ሞገድ ለማነጻጸሪያ ከተወሰዱት ተማሪዎች በብዙ እጥፍ በርትቶ ተገኘ። በ2011 ደግሞ እንደ እኛ ሕመምተኞች ስምንት ሳምንት ብቻ የተማሩ ሰዎች አንጎላቸውን ኤምአርአይ በሚባለው የምስል መሣሪያ ተነሡ። ለማስታወስ በሚያገለግለው ሂፖካምፐስ ላይ ግራጫው ክፍል ጨምሮ ታየ። በስምንት ሳምንት አንጎል ይለወጣል። አለቀ።

አንዲት እናት ልጥቀስ። ሀበሻ ናቸው፤ ወገባቸውን ለዓመታት ያማቸዋል። በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም አንድ አንድ ፍሬ ዘቢብ እንሰጣለን። ያዩታል፣ ያሸቱታል፣ ቀስ ብለው ይበሉታል፤ ልብን አንድ ቦታ ማቆያ ነው። እሳቸው ግን ዘቢቡን መዳፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። «እኔ ዘቢብ የማውቀው ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ ደግሞ ሁዳዴ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም» አሉኝ። የነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ትንፋሹን ስንጀምር ዓይናቸውን ገልጠው «ልጄ፣ ይሄ የማን ጸሎት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ጸሎት አይደለም እማማ፣ ትንፋሽ ነው» አልኳቸው። ስምንቱን ሳምንት ጨረሱ። አሁን ሌሊት ይተኛሉ።

መምህር

ሲስተር «አለቀ» ብለዋል። እኔ ተማሪዎቼን የማስተምረው ይህ ቃል የት እንደማይገባ ነው።

ያ የ2011 ጥናት ስንት ሰው እንደነበረው አልጻፉም። ትምህርቱን የወሰዱት 16 ናቸው። ሌሎች 17 ለማነጻጸሪያ ተወስደዋል። ማን እንደሚማር ማን እንደሚጠብቅ በዕጣ አልተለየም። ለመማር የተነሣሣ ሰው ከመጀመሪያውም የተለየ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ጥናት በር ያንኳኳል እንጂ በር አይዘጋም።

ከዚያ የሆነው ይበልጣል። በ2022 ያው የዴቪድሰን ቤተ ሙከራ፣ ሲስተር በምስክርነት የጠሩት ማለቴ ነው፣ ሁለት ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ አወጣ። 218 ሰዎች፣ በዕጣ የተመደቡ፣ ያው የስምንት ሳምንት ትምህርት። በአንጎል ቅርጽ ላይ በትምህርቱ የመጣ ለውጥ አልተገኘም። ሂፖካምፐሱም አልጨመረም። ይህን የጻፉት የሜዲቴሽን ጠላቶች አይደሉም፤ ዕድሜያቸውን ለዚህ የሰጡ ሰዎች ናቸው። ቅንነታቸውን አከብራለሁ። ይሄ እያለ በ2011 ላይ ቆሞ «አለቀ» ማለት ግን ያሳዝናል።

የ2004ቱም ቢሆን ስምንት ሰው ነው። የእነዚያ ሰዎች ዕድሜ፣ እንቅልፍ፣ አኗኗር ከአሜሪካ ተማሪ ጋር አንድ አይደለም። ልዩነቱ ከሜዲቴሽኑ ይምጣ ከሕይወታቸው በምን እናውቃለን? ከጽሑፉ ደራሲዎች አንዱ ማትዩ ሪካርድ ራሱ የቡድሂስት መነኩሴ ነው፤ አንጎሉም እዚያው ቤተ ሙከራ ተለክቷል።

በ2014 ደግሞ 47 ጥናቶች፣ 3,515 ሰዎች በአንድ ላይ ተመርምረው ነበር። ሜዲቴሽን ከመድኃኒት ወይም ከአካል እንቅስቃሴ ይበልጣል የሚል ማስረጃ አልተገኘም። ሰው በሳምንት አንድ ቀን ስልኩን ዘግቶ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይሻለዋል። ዝም ብሎ ለመቀመጥ ደግሞ የአንጎል ምስል አያስፈልግም።

ሲስተር

«ዝም ብሎ መቀመጥ።» ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

መምህር፣ ወገቡን የሚያመው ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ችግሩ ይሄው ነው። አምስት ደቂቃ ሲቀመጥ ሕመሙ ይነሣል፣ ከሕመሙ ጋር «ነገም እንዲሁ ነኝ» የሚለው ሐሳብ ይነሣል፣ ከዚያ መላ አካሉ ይኮማተራል። እኛ የምናስተምረው ያንን ነው፤ ሕመሙን ከፍርሃቱ ለይቶ ማየትን። ላብ እስኪያጠምቃቸው የሚታገሉ ሰዎች አሉ። ያለቀሱ አሉ። ዝም ብለው ቢቀመጡ ኖሮ ወደ እኔ ባልመጡ።

ያነበቡትን ጥናት ደግሞ ግማሹን ብቻ ነው የነገሩን። ያው የ2014 ምርመራ ለጭንቀት፣ ለድብርትና ለሕመም መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ማስረጃ እንዳለ ጽፏል። ይህን ለምን ዘለሉት? «ከመድኃኒት አይበልጥም» ማለትና «አይጠቅምም» ማለት አንድ ነው እንዴ?

ከእኔ ክሊኒክ ብዙም በማይርቀው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ኤልዛቤት ሆጅና ባልደረቦቿ የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን 276 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሹ ኤስሲታሎፕራም የሚባለውን የታወቀ መድኃኒት ወሰደ፤ ግማሹ ስምንቱን ሳምንት ተማረ። ውጤቱ በ2022 መጨረሻ ወጣ። ትምህርቱ ከመድኃኒቱ አላነሰም። እንግሊዝ አገርም የሕክምና መመሪያ አውጪው ተቋም፣ ድብርት ደጋግሞ ለሚመለስባቸው ሰዎች ከዚሁ የተወለደውን ሕክምና ከ2004 ጀምሮ ይመክራል። እነዚህም ዝም ብለው የተቀመጡ ናቸው?

ከክኒን ጋር እኩል የሚሠራ ነገር አግኝቼ «የአንጎሉ ፎቶ አልተለወጠም» ብዬ ልተወው?

መምህር

አንጎሉ የት ሄደ? ርእሳችን አንጎል ነበር። «ይለወጣል፣ አለቀ» ያሉት እርስዎ ነዎት። አሁን «የአንጎሉ ፎቶ» ሆኖ ተጣለ። ለ218ቱ ሰዎች አንድ መስመር መልስ አላየሁም።

ግን ልተወውና ከዚያ የሚበልጥብኝን ላንሣ። ጽሑፍዎን ካነበብኩ በኋላ ያልለቀቀኝ ሂፖካምፐሱ አይደለም። እኚያ እናት ናቸው።

ዴቪድሰን ራሱ የሚናገረው አንድ ታሪክ አለ። በ1992 እሱና ቺሊያዊው የአንጎል ተመራማሪ ፍራንሲስኮ ቫሬላ ሌሎችንም ይዘው የአንጎል ሞገድ መለኪያ ተሸክመው ሕንድ አገር ዳራምሳላ ሄዱ። በተራራው ላይ በብሕትውና የሚኖሩትን ሊለኩ ነበር። ባሕታውያኑ እሺ አላሉም። በኋላ ለመነኮሳት ማሳያ እንዲሆን መለኪያውን ቫሬላ ራስ ላይ ገጠሙት። መነኮሳቱ ሳቁ። ዴቪድሰን በሽቦው ብዛት የሳቁ መስሎት ነበር። ለካ የሳቁት ስለ ርኅራኄ እናጠናለን እያሉ ጭንቅላት ላይ መግጠማቸው ነው። ርኅራኄ ያለው እዚህ ነው ብለው ደረታቸውን አሳዩ።

እነዚያ መነኮሳት የሚያደርጉትን ያውቃሉ። የትምህርታችሁ ስም የሆነው «ማይንድፉልነስ» የተባለው ቃል፣ በጥንቱ የቡድሂስት መጻሕፍት ቋንቋ በፓሊ «ሳቲ» ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ እንዲህ ብሎ የመለሰው የፓሊ ሊቁ ራይስ ዴቪድስ ነው፣ በ1881። ቃሉ ሥሩ ማስታወስ ነው። በቡድሃ ትምህርት ከስምንቱ መንገዶች ሰባተኛው ሆኖ ይቆማል። ከፊቱ እውነት መናገር አለ፣ ሰውን በማይጎዳ ሥራ መኖር አለ። መጨረሻው ከሥቃይ ነፃ መውጣት ነው። የጀርባ ሕመም ፕሮግራም ሆኖ አልተወለደም።

እናቲቱ «ይሄ የማን ጸሎት ነው?» ሲሉ ከሁላችንም የተሻለ ጥያቄ ጠይቀዋል። እርስዎ «ትንፋሽ ነው» አሏቸው። ሲስተር፣ ይህ መልስ ልክ ነበር? በ2017 ብራውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች 60 ሰዎችን አነጋግረው፣ ፍርሃትና እንቅልፍ ማጣት ጭምር በሜዲቴሽን እንደሚመጣ ጽፈዋል። ይህንስ ነግረዋቸዋል? ለአንድ ክኒን እንኳ ከየት እንደመጣና ምን እንደሚያስከትል ወረቀት ይሰጣል።

ሲስተር

ይህን ያህል ይወርዳሉ ብዬ አልጠበቅሁም። ሃይማኖት ደብቃ አሮጊት የምታታልል አደረጉኝ። እኔም ያው ቤተ ክርስቲያን የምሳለም ሰው ነኝ። መቁጠሪያ እናቴ እጅ ላይ ሲዞር እያየሁ ነው ያደግሁት።

ስለ ጉዳቱ ልመልስ። እንጠይቃለን። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትን፣ ሰሞኑን ሐዘን የደረሰበትን በመጀመሪያ ለብቻ እናነጋግራለን።

ስለ እናቲቱ ደግሞ ቀሪውን ይስሙ፤ ሳይጠይቁኝ ነውና የፈረዱብኝ። በሦስተኛው ሳምንት ከትምህርቱ በኋላ አስቀርቼ ነገርኳቸው። ከቡድሃ መነኮሳት የመጣ ነው፣ እኛ ግን ትንፋሹን ብቻ ነው የወሰድነው አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ታዲያ መጀመሪያ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጡም። ከዚያ በኋላ ባለው መጡ፤ መቁጠሪያቸውን ይዘው። እኛ ትንፋሽ ስንቆጥር እሳቸው በራሳቸው ጸሎት ይቆጥሩ ነበር። ስምንቱን ጨረሱ ያልኩት አንዱን ቀርተው ነው፤ እሱን ማረም አለብኝ።

መምህር

ስለነገሩን አመሰግናለሁ። ምናልባት ከሚገባው በላይ ተቆጥቼ ይሆናል። ግን የእኔ ጥያቄ የእናቲቱ ጥያቄ ነው፤ እሱን አልመለሱትም። መጀመሪያ ለምን አልነገሯቸውም?

ደግሞ ሌላ አለ። በራሳቸው ጸሎት ከቆጠሩና እንቅልፍ ካገኙ፣ የሠራው የትኛው ነው? የእርስዎ ስምንት ሳምንት ነው ወይስ የእሳቸው መቁጠሪያ?

ሲስተር

እሱን አላውቅም። እሳቸውን ስጠይቃቸው «እግዚአብሔር ነው» ይሉኛል።

ለምን አልነገርሽም ላሉት፦ ፈርቼ ነው። ስሙን ሰምተው ከሄዱ የቀረላቸው ክኒኑ ብቻ ነበር፤ ክኒኑ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አውቃለሁ። ዛሬም እፈራለሁ። መዋሸቴ ከሆነ የዋሸሁት ለዚህ ነው።

የሚቀጥለው ትምህርት ሐሙስ ይጀምራል። አሥራ ሁለት ሰዎች ተመዝግበዋል፤ ሁለቱ የእኛ ሰዎች ናቸው። ዘቢቡን ከመስጠቴ በፊት ከየት እንደመጣ እነግራቸዋለሁ። ሰምተው የሚነሡ ካሉ ግን፣ መምህር፣ ለእነሱ ምን እንደምሰጣቸው ይጻፉልኝ።