እርማት፦ የወለቀ ትከሻ ሜዳ ላይ ተጎትቶ አይመለስም

ወንድሜ፣ ለገጣፎ ኳስ ሲጫወት ትከሻው ለወለቀው ልጅ «ሁለት ሰው ይያዘው፣ አንዱ ይጎትተው፤ ቦታው ከገባ አለቀ» ብለሃል። ከልብህ መሆኑን አውቃለሁ። ብዙዎቻችን ሰፈር ውስጥ የሰማነውም ይህንኑ ነው። ግን ስህተት ነው፤ ልጁን ሊጎዳው ይችላል።

ትከሻ ሲወልቅ አንዳንዴ አጥንትም አብሮ ይሰበራል። ይህ በእጅ ዳሰሳ አይረጋገጥም፤ ራጅ ያስፈልጋል። በብብት በኩል ደግሞ ነርቮችና የደም ሥሮች ያልፋሉ። በጉልበት ሲጎተት እነሱም ሊጎዱ ይችላሉ። ወጌሻው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ከቆዳ በታች ማየት አይችልም። ሐኪም ግን ከመመለሱ በፊትም በኋላም የእጁን ስሜትና የደም ዝውውር ይፈትሻል። ማስታገሻ ይሰጣል፣ ጡንቻው ሲላላ ቀስ አድርጎ ይመልሰዋል።

ልጁን ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ እስኪደርስ ክንዱን ባለበት ሁኔታ በነጠላ ደግፋችሁ አንገቱ ላይ እሰሩለት። ምግብና መጠጥ አትስጡት፤ ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ይችላል። ኮረኮንች ላይ ባጃጅ ያንገጫግጨዋል፣ መኪና ካገኛችሁ ይሻላል። እጁ ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ ግን ባገኛችሁት ሂዱ።

ቦታው ገባ ማለትም ዳነ ማለት አይደለም። ክንዱ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ታስሮ ይቆያል። ከዚያ ፊዚዮቴራፒ ይቀጥላል። ወደ ኳስ ለመመለስ 3 ወር ገደማ ይፈጃል። በተለይ ወጣቶች ላይ ዳግም የመውለቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። በቅቤ ማሸት ይህን አይከላከልም። በባለሙያ የታዘዘ እንቅስቃሴ ግን በትከሻው ዙሪያ ያሉትን ጡንቻዎች ያጠነክራል። ደጋግሞ ከወለቀ የአጥንት ሐኪም ቀዶ ሕክምና ሊያስብለት ይችላል።