እሺ ወይስ ሰርዝ?

ኮምፒውተር ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው። ፊደል ስንስት ያርመናል። መንገድ ስንስት ይመልሰናል። ምን መግዛት እንዳማረን ከእኛ ቀድሞ ያውቃል። ትሑት የሚሆነው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ አደጋ የመጣ ቀን። ያኔ ሥራውን ሁሉ ያቆምና ስክሪኑ መሃል መስኮት ከፍቶ፣ «የዚህ ድረ ገጽ የደኅንነት ሰርተፊኬት በታመነ አካል አልተረጋገጠም። መቀጠል ይፈልጋሉ?» ይላል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሰርተፊኬቱን፣ ማለትም የድረ ገጹን መታወቂያ፣ ያየው እሱ ነው። ማን እንደፈረመበት፣ መቼ ጊዜው እንደሚያልፍ የሚያውቀውም እሱ ነው። እኔ የማውቀው ሰርተፊኬት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ነው። ታዲያ ማን ማንን ነው የሚጠይቀው? ዘበኛው ሰው አጥር ሲዘል አይቶ፣ የተኛውን ባለቤት ቀስቅሶ፣ «የአዘላለሉ ሁኔታ ያሳስብዎታል?» እንደማለት ነው።

እኔን ከጠየቃችሁ መስኮቱ የሚከፈተው መልስ ለማግኘት አይደለም። ተጠያቂ ለማግኘት ነው። ነገ ፋይሎቻችን ተቆልፈው ቤዛ ክፈሉ ስንባል፣ ፕሮግራሙ «እኔ ጠይቄ ነበር፣ እሺ ብለውኛል፣ ከደሙ ንጹሕ ነኝ» ይላል።

አክስቴ በዚህ በኩል አቋማቸው የጠራ ነው።

«ኮምፒውተሩ የሆነ ነገር ጠይቆኝ ነበር» አሉኝ በስልክ።

«ምን አለዎት እትዬ?»

«እኔ እንጃ። እሺ አልኩት።»

«ሳያነቡት?»

«ልጄ፣ እምቢ ስለው መልሶ መላልሶ ይጠይቀኛል። እሺ ስለው ዝም ይላል።»

ባለሙያዎች ይሄን ግድየለሽነት ይሉታል። እኔ ግን በልምድ የተገኘ እውቀት ነው እላለሁ። እትዬ ስንቴ እሺ ብለው ምንም አልሆኑም። እምቢ ያሉ ዕለት ግን የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ማየት አልቻሉም።

እሺ ማለትን በጅምላ ያስተማረን ደግሞ ዊንዶውስ ቪስታ የተባለው የማይክሮሶፍት የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ሲቀርብ ፈቃድ የመጠየቅ አመል ይዞ መጣ። ፕሮግራም ልትጭኑ ስትሉ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ይጠይቃል። ሰዓት ልታስተካክሉ ስትሉ ይጨልማል፣ ይጠይቃል። ሰው ተማረረ። በዓመቱ ዴቪድ ክሮስ የተባለ የማይክሮሶፍት ኃላፊ ሳንፍራንሲስኮ በተደረገ የደኅንነት ጉባኤ ላይ እቅጩን ተናገረ፤ ነገሩን ያስገባነው ተጠቃሚውን ለማናደድ ነው አለ። የምሩን ነበር። የተናደደ ደንበኛ ፕሮግራም ሠሪዎቹን ፋታ ይነሳቸዋል፣ እነሱም በሆነ ባልሆነው በኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን መጠየቅ ያቆማሉ የሚል ስሌት ነው። ሁለት ኩባንያ ሲጣላ ዱላው የሚያርፈው እኛ ላይ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 ጥያቄውን ቀነስ አደረገው። ግን ምን ዋጋ አለው? ሕዝቡ ሳያነብ እሺ ማለትን ተክኖበታል።

ችግሩ የእትዬ ዕድሜ ነው እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1999 አልማ ዊተን እና ዳግ ታይጋር የተባሉ ተመራማሪዎች ፒጂፒ 5.0 የተባለውን የኢሜይል መመስጠሪያ ለ12 ሰዎች ሰጡ። ሰዎቹ የተማሩ፣ ኢሜይል የለመዱ ናቸው። ጊዜያቸው 90 ደቂቃ ነው። መልእክቱን በትክክል ፈርሞና መስጥሮ መላክ የቻለው ሲሶው ብቻ ነበር። ሦስቱ ደግሞ ምስጢሩን ሳይመሰጥሩት እርቃኑን ላኩት! አሳዛኙ ነገር፣ ከዚያ 116 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1883፣ ኦገስት ኬርክሆፍስ የተባለ ምሁር ስለ ጦር ሠራዊት ምስጢር አጻጻፍ ሲጽፍ፣ ዘዴው ቀላል ይሁን፣ ጭንቅላት አያስጨንቅ፣ ብዙ ደንብ አያስሸምድድ ብሎ ነበር። ሰሚ አላገኘም።

አሳሾች፣ ማለትም ድረ ገጽ የምናይባቸው ፕሮግራሞች፣ አድራሻው አጠገብ የሚያሳዩትን ትንሿን የጓጉንቸር ቁልፍ ምልክትም እንውሰድ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 ባደረገው ጥናት ትርጉሟን በትክክል የተረዱት ተሳታፊዎች 11 በመቶ ብቻ ነበሩ። ብዙ ሰው ቁልፏን ሲያይ ገጹ የታመነ ይመስለዋል። እሷ የምትለው ግን «መንገድ ላይ የሚሰማችሁ የለም» ብቻ ነው። ወዲያ ማዶ ያለው ሌባ ይሁን ጻድቅ አታውቅም። ሌባም ሰርተፊኬት ያወጣል፣ ያውም በነጻ። የጉግል አሳሽ ክሮም እ.ኤ.አ. በ2023 ቁልፏን አንስቶ በሌላ ምልክት ተካት። አዲሱ ምን ማለት እንደሆነ እትዬን አልጠየቅኳቸውም።

ታዲያ በግልጽ ቋንቋ መጻፍ የሚችል ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። አለ፤ አጭበርባሪው። «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተይዟል! ፋይሎችዎ ሊጠፉ ነው! አሁኑኑ በዚህ ስልክ ይደውሉ!» ፕሮቶኮል የለ፣ የስሕተት ኮድ የለ። ምን እንደሆነ፣ ምን ሊመጣ እንደሆነ፣ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ በሦስት ዐረፍተ ነገር ጨረሰላችሁ። ከእውነተኛው ማስጠንቀቂያ የጎደለው ሁሉ እዚያ አለ፤ የሌለው እውነቱ ብቻ ነው። ስትደውሉም ሰው ያነሳል። «ቀስ ይበሉ፣ አይቸኩሉ፣ ማውሱን ወደ ግራ ያድርጉት» ይላችኋል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በሕጋዊዎቹ በኩል አጋጥሞኝ አያውቅም።

የደኅንነት ኩባንያ ቢኖረኝ መጀመሪያ የምቀጥረው ይሄን ጸሐፊ ነው። እንዲህ ብሎ ይጽፍልኝ ነበር፦ «ይህ ፋይል ፎቶ ነኝ ይላል፣ ግን ፕሮግራም ነው። ላኪውን ደውለው ሳይጠይቁ አይክፈቱት።» ከሥሩ ሁለት ቁልፍ፦ «አልከፍተውም» እና «ደውዬ ጠይቄያለሁ፣ ክፈተው»።

ከሕግ ክፍሉ ግን አያልፍም። «‹ፕሮግራም ነው› ብለን ፎቶ ሆኖ ቢገኝስ? ‹ሊሆን ይችላል› ይባል» ይላል አንዱ። «‹አይክፈቱት› ብለን ሥራ ቢበላሽባቸውስ?» ይላል ሌላው። «ውሳኔውን ለራሳቸው እንተወው።»