ሳያነቡ መፍረድ፤ የጎጃም አዲሱ ሊቅነት

የሃሪ ፖተር ደራሲ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች (ሲወለዱ ከተሰጣቸው ጾታ የተለየ ጾታ አለን ስለሚሉ) በተናገረችው ላይ እንግሊዞች ዓመታት ተከራክረው አልቋጩም። እኛ ጋ ግን፣ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ማኪያቶው ሳይበርድ የሚቋጩ ሊቃውንት አሉን። እሰይ! “ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ” ብሎ የተረተው ሰው እነሱን ሳያይ መሞቱ ያሳዝናል።

የሙያው መሠረት ጽሑፉን አለመክፈት ነው። ደራሲዋ በጁን 2020 (ዓመቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው) በራሷ ድረ ገጽ ረዘም ያለ ማብራሪያ አውጥታለች፤ ቀስ ብሎ ላነበበ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከአዲሱ የትራንስ መብት ንቅናቄ የምትሰጋባቸውን አምስት ምክንያቶች ዘርዝራ፣ በትዳር ውስጥ የደረሰባትን ጥቃት አንስታ፣ አብዛኞቹ ትራንስ ሰዎች ለማንም አደጋ እንዳልሆኑና ጥበቃ እንደሚገባቸውም ጽፋለች። ይህችን የመጨረሻዋን ያነበበ ሰው “ጀግናዬ!” ብሎ ለመጮህም፣ “ጠላት!” ብሎ ለመርገምም ድምፁ ይሰባበርበታል። አለማንበብ ለጉሮሮ ጤና ነው።

ዓመት መደባለቅም ትልቅ ሙያ ነው። በኤፕሪል 2024፣ የስኮትላንድ የጥላቻ ወንጀል ሕግ ሥራ በጀመረበት ቀን፣ ይህችው ሴት ትራንስ ሴቶችን (ሲወለዱ ወንድ ተብለው ሴት ሆነው የሚኖሩትን) በስም እየጠራች “ወንዶች ናቸው” ብላ ጻፈች፤ ወንጀል ከሆነ እሰሩኝ አለች። ፖሊስ ወንጀል አይደለም አለ። ወንጀል አለመሆኑ ደግ ነገር መሆኑን አያሳይም፣ ግን ይህ ለካፌ የሚሆን ጥያቄ አይደለም። ወዳጆቿ የ2020ዋን ይዘው፣ ጠላቶቿ የ2024ቷን ይዘው ሲጯጯሁ ስለ ሁለት ሴቶች የሚያወሩ ይመስላሉ።

ደጋፊዎቿ በተለይ ይደነቁ። ትናንት “መጽሐፎቿ ለልጆች ጥንቆላ ያስተምራሉ” ያለው አፍ ዛሬ “እኅታችን” ይላታል። ዱምብልዶር የተባለው አዛውንት ገጸ ባሕሪዋ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነው ብላ በ2007 መናገሯን አደራ አትንገሩት፤ ማኪያቶ ይደፋል።

ተቃዋሚዎቿም አያንሱም። ፊልሙ ላይ ሃሪን ሆኖ የተወነው ዳንኤል ራድክሊፍ በዚያው በጁን 2020 “ትራንስ ሴቶች ሴቶች ናቸው” ብሎ ሲጽፍ፣ ነገሩን የእኔና የእሷ ጠብ አታድርጉት ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ሊቃውንቶቻችን ወዲያው ጠብ አደረጉት። የጠብ ወሬ ከሐሳብ ይልቅ ይጣፍጣላ!

በክርክሩ መሐል ደግሞ መዝለልን መቻል ያስፈልጋል። የመታወቂያ ወረቀት፣ የሴቶች እስር ቤት፣ የተጠቂዎች መጠለያ፣ ስፖርት፣ የልጆች ሕክምና፣ እያንዳንዱ የየራሱ ማስረጃ ያለው የተለያየ ጉዳይ ነው። ስለ ሩጫ ሲጠየቅ የጉርምስና ሆርሞን በጡንቻ ላይ የሚያደርገውን መመለስ የከበደው ወደ እስር ቤት ይዝለል፤ እዚያ ሲያዝ ወደ ልጆች። በ2024 የወጣውን የዶክተር ሂላሪ ካስ ግምገማ ለመጸዳጃ ቤት ክርክር የሚጠቅስም አለ፤ ግምገማው የልጆችና የወጣቶች ሕክምና ላይ መሆኑ ምን ገዶት! ፍርድ ቤት ሲጠቀስም ግማሹ ይበቃል። የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ዳኞች በኤፕሪል 2025 በአንድ ድምፅ፣ በ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ውስጥ “ሴት” የተባለችው በተፈጥሮ ሴት የሆነችው ናት አሉ። ትራንስ ሰዎች በዚያው ሕግ ከአድልዎ እንደተጠበቁ ናቸውም አሉ። አንዱ ወገን ፊተኛዋን ያነሳል፣ ሌላው ኋለኛዋን፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ የሚያነሳ ሰው ግን ጨዋታ አበላሽቷል።

ስለ ማን እንደሚከራከሩ መርሳትም የግድ ነው። ከአጠገባቸው ወንበር ላይ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ቢኖር እንኳ፣ ያንን ሁሉ ሳቅ ሰምቶ “እኔ ነኝ” አይልም።

ዝነኛው የቅኔ ትምህርት ቤት ዋሸራ እዚሁ ጎጃም መሆኑ ነው የሚያሳፍረው። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ለአስነጋሪው ሲነግር፣ ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ እስከ መጨረሻ ቃሏ ሳትሰማ አትታረምም። እንዴት ያለ ኋላ ቀርነት ነው!

ይህ ሙያ የሚከሽፍበት አንድ መንገድ ብቻ አለ። አንድ ያልታረመ ወጣት ድንገት “ጋሼ፣ የትኛዋን ዓረፍተ ነገር ነው የሚሉት?” ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አትደንግጡ። ሲኒውን ቀስ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ ማየት፣ ከዚያ “አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?”