የፖስታ ፉርጎ ቁርጥራጭ ብረት አይደለም

ሰሞኑን ስለ አሮጌው የጅቡቲ ባቡር ቅርሶች በተነሳ ውይይት ላይ አንድ ተናጋሪ ያለው ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። «የለገሃር ሕንፃ ከተጠበቀ ይበቃል። ፉርጎ ብረት ነው፣ ፎቶ አንስቶ መሸጥ ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ በጠፋበት ዘመን ደግሞ የፖስታ ፉርጎ ለማን ይጠቅማል?» አለ። ብዙዎችም አጨበጨቡለት።

ከመጨረሻው ልጀምር። ደብዳቤ መጻፍ ስላቆምን ፉርጎው ይጣል? በጎራዴ የሚዋጋ ስለሌለ የዓድዋ ጎራዴዎችም ይቅለጡ? ቅርስ የሚጠበቀው እኮ ሥራው ስላበቃ ነው። ይህን ለማስረዳት መገደዳችን ራሱ ያሳዝናል።

የፖስታ ፉርጎ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር የሚያውቅ ሰው «ብረት ነው» አይልም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1838 የፈረስ መጫኛ ፉርጎ አስተካክለው ደብዳቤ መለያ አደረጉት። ከዚያ እስከ እ.ኤ.አ. 2004 ድረስ ሠራተኞች በሚከንፍ ባቡር ውስጥ ቆመው ደብዳቤ ሲለዩ አድረዋል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በትናንሽ ሳጥኖች የተሞላ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ያለውን ዋናው ፖስታ ቤት የሚያውቅ ሰው የሳጥኖቹን ድርድር ያስብ፤ ይሄኛው ግን ሌሊቱን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። ባቡሩ ኩርባ ሲይዝ ሠራተኛው በእግሩ ይጸናል። ዓይኑ አድራሻው ላይ ነው። እጁ ሳጥኑን ሳያይ ያገኘዋል።

ትንንሽ ጣቢያዎች ላይ ባቡሩ አይቆምም ነበር። ከረጢቱ በወፍራም ቆዳ ተጠቅልሎ ሃዲዱ ዳር ምሰሶ ላይ ይሰቀላል። ከፉርጎው ጎን የሚዘረጋ መረብ ባቡሩ እየሮጠ ላፍ ያደርገዋል። ጨለማ ስለሆነ ሠራተኛው መረቡን የሚዘረጋበትን ቦታ የሚለየው ድልድይ ሲያልፉ ከሚሰማው ድምፅ ነው። ይህ የመረብ ሥራ እስከ እ.ኤ.አ. 1971 ዘልቋል። ፉርጎው ጎን ላይ የደብዳቤ መክተቻም ነበረው። ፖስታ ቤት ያመለጠው ሰው ወደ ጣቢያ ይሮጣል፣ ትንሽ ጨምሮ ከፍሎ እዚያው ይከታል።

እስቲ ይህን በፎቶ አሳዩኝ! ፎቶ ሳጥኑን ያሳይ ይሆናል፤ የሠራተኛውን ድካምና የእጁን ፍጥነት ከየት ያመጣዋል? እንግሊዝ አገር ሎቦሮ አካባቢ በጎ ፈቃደኞች ፉርጎውንም መረቡንም ጠግነው፣ በሚሄድ ባቡር ከረጢት ሲለቀም ለሕዝብ ያሳያሉ። ሕፃን ልጅ አንዴ ካየው አይረሳውም።

እኛ ጋ ፖስታና ባቡር መንትዮች ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ፖስታንም ያቋቋሙት፣ የባቡሩንም ፈቃድ የሰጡት በዚያው በ1886 ዓ.ም. ነው። ሃዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን የለገሃር ሕንፃ የተመረቀው ግን በ1922 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ያ «ይበቃል» የተባለው ሕንፃ ሳይኖር ባቡሩ ከ12 ዓመት በላይ ሰውም ዕቃም ደብዳቤም እየጫነ ለገሃር ሲገባ ኖሯል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ የተነሳ ደብዳቤ ድሬዳዋ ያድራል፣ አዋሽ ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ይህን ሁሉ መንገድ የሠራው ፉርጎ ነው። ሕንፃውማ ቆሞ ነው የጠበቀው።

ሁሉም ፉርጎ ይቀመጥ አላልኩም። የዛገና የተበላሸ አለ፣ ይገባኛል። የምጠይቀው አንድ ፉርጎ ነው። በዙሪያው ፎቅ በሚበቅልበት በለገሃር፣ አንድ ሜትር ስፋት ባለው በቀድሞው ሃዲድ ቁራጭ ላይ፣ ጣሪያ ተሠርቶለት ይቁም። ውስጡ የደብዳቤ መለያ ሳጥን ይግባለት፣ ከድሬዳዋ እስከ ለገሃር የጣቢያዎቹ ስም ይለጠፍበት፣ የትምህርት ቤት ልጆች ገብተው በእጃቸው ይለዩ። ያ እስኪሆን ድረስ አንድም ፉርጎ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ አይሸጥ።